ስለ አንጀት ባክቴሪያ፣ ስለ ፉርሽካና ስለ ቦርጫችን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ባለፈው ወር በጤና ዓምዳችሁ ከልክ ያለፈ ውፍረትን በአንጀታችን ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር አያይዞ የቀረበውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በመጀመሪያው ንባብ ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለውን ጉዳይ በአማርኛ፣ ለዚያውም ሁሉም በሚያነበው ጋዜጣ ላይ ማየት ለእኔ ቢጤ አሮጌ የባዮሎጂ መምህር እንደ በዓል ነው። በሁለተኛው ንባብ ግን የጽሑፉ መነሻ ትክክል ሆኖ ሳለ መድረሻው መንገድ መሳቱን ተገነዘብሁ። መነሻው «ውፍረት የሆዳምነት ውጤት ብቻ አይደለም» የሚል ነበር፤ መድረሻው ደግሞ «እንግዲያው ጥሩ ጥሩውን ባክቴሪያ በእንክብል እየገዛችሁ ዋጡ» የሚል ሆነ። በሁለቱ መካከል የተዘለለው ነገር፣ ማለትም ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ምን በልተው እንደሚያድሩ፣ የጉዳዩ ዋና ፍሬ ነገር ስለሆነ ስለ እርሱ ጥቂት እንድጽፍ ፈቃዳችሁ ይሁን።

በቅድሚያ ከየት ሆኜ እንደምናገር ልግለጽ። በምሥራቅ ጎጃም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 31 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ አሁን በደብረ ማርቆስ ከተማ የምኖር ሰው ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ቁመቴ 1 ሜትር ከ68 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ክብደቴ በአንድ ወቅት 92 ኪሎ ደርሶ ነበር፤ ኪሎውን በሜትር ለተለካው ቁመት ስኩዌር ስናካፍለው 32 ተኩል ገደማ ይመጣል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ከልክ ያለፈ ውፍረት ይለዋል። በዚያው ዓመት የደም ስኳሬ ከፍ ማለቱ ተነገረኝና ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ጀመርሁ። ስለዚህ ጉዳዩን የማየው ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ብቻ ሳይሆን ከሚዛኑም ላይ ቆሜ ነው።

ጽሑፉ በአንጀታችን ያሉት ባክቴሪያዎች የሰውነታችንን ሕዋሳት ዐሥር እጥፍ እንደሚበልጡና ክብደታቸውም ሁለት ኪሎ እንደሚሆን ይናገራል። ይህ ቁጥር ለብዙ ዓመታት ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ የኖረ ነው፤ እኔም ለተማሪዎቼ አስተምሬዋለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የወጣ ጥንቃቄ የተሞላበት ስሌት በአንድ ጎልማሳ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች 38 ትሪሊዮን፣ የሰውየው የራሱ ሕዋሳት ደግሞ 30 ትሪሊዮን ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል፤ የባክቴሪያዎቹ ጠቅላላ ክብደትም ሁለት መቶ ግራም አካባቢ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የምርምር ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቁጥሩ ማነሱ የነገሩን ክብደት አይቀንሰውም፤ ግን ትልልቅ ቁጥር የሚወድ ጽሑፍ ትልልቅ ተስፋም ስለሚሸጥ እርማቱን ከዚሁ መጀመር ፈለግሁ።

ወደ ዋናው ነጥብ ልለፍ። ጽሑፉ የተመረኮዘው በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ነው፤ ሙከራዎቹም እውነተኛና አስደናቂ ናቸው። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ጎርደን የሚመሩት ቡድን ምንም ዓይነት ባክቴሪያ ሳይነካቸው የተወለዱና ያደጉ አይጦችን ወስዶ የሌሎች አይጦችን የአንጀት ባክቴሪያ ሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመው ውጤት መሠረት አይጦቹ የሚበሉት መጠን ቀንሶ እንኳ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሰውነታቸው ስብ 60 በመቶ ጨመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ከወፍራም አይጥ የተወሰደው ባክቴሪያ ከቀጭን አይጥ ከተወሰደው የበለጠ ስብ እንደሚያስከትል ታየ። የጋዜጣችሁ ጸሐፊ እዚህ ላይ ሲደርሱ ብዕራቸውን አስቀመጡ፤ ታሪኩ ግን ገና መጀመሩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2013 ይኸው ቡድን አንዷ ወፍራም ሌላዋ ቀጭን የሆኑ መንትያ እኅትማማቾችን አግኝቶ የሁለቱንም የአንጀት ባክቴሪያ ለአይጦች አካፈለ። የወፍራሟን የወሰዱት አይጦች ስብ አበዙ፤ የቀጭኗን የወሰዱት ቀጭን ሆነው ቀሩ። ቀጥሎ ሁለቱን ዓይነት አይጦች በአንድ ቤት አኖሯቸው። አይጥ አንዱ የሌላውን ኩስ የሚለቃቅም እንስሳ ስለሆነ ባክቴሪያው በቀላሉ ይተላለፋል፤ እንደተጠበቀውም የቀጭኖቹ ባክቴሪያ ወደ ሌሎቹ አንጀት ገብቶ ከመወፈር አዳናቸው። ነገር ግን ይህ የሆነው አይጦቹ ቅባቱ ያነሰ፣ አትክልትና ፍራፍሬ የበዛበት መኖ ሲሰጣቸው ብቻ ነው። መኖው በጮማ የተሞላና አሰር (ፋይበር) የሌለው በሆነ ጊዜ ግን ያው «ጥሩ» ባክቴሪያ ገብቶ መቀመጫ አጣ፣ አይጦቹም ከመወፈር አልዳኑም። አዘጋጅ ሆይ፣ የእንክብሉን ነገር የሚፈታው ይህ የሙከራው ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ ከጽሑፋችሁ የቀረውም ይኸው ነው።

በሰው ላይ የተደረገው ሙከራ ደግሞ ከአይጡ የበለጠ ትሑት ውጤት ነው የሰጠው። የአምስተርዳም ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ከቀጫጭን ሰዎች ሰገራ የተወሰደ ባክቴሪያ ቦርጭና የስኳር ችግር ላለባቸው ወንዶች ሲሰጥ ሰውነታቸው የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን ለኢንሱሊን ያለው ምላሽ በስድስት ሳምንት ተሻሻለ፤ ክብደታቸው ግን አልቀነሰም። በኋላ በተደረገ ተከታይ ጥናት ያው መሻሻል በ18 ሳምንት ጠፍቶ ተገኘ፤ ሰዎቹ ይበሉት የነበረውን ሲበሉ ስለኖሩ የቀድሞው የባክቴሪያ ማኅበር ተመልሶ ቦታውን መያዙን ከዚህ መገመት አይከብድም። እ.ኤ.አ. በ2019 አከርማንሲያ የተባለው ባክቴሪያ ለሦስት ወር በ32 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ነበር። በዚያ ሙከራ ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ ያሻሻለው በሕይወት ያለው ሳይሆን በሙቀት የተገደለው ባክቴሪያ ነበር። «ሕያው ባክቴሪያ» እየተባለ በእንክብል የሚሸጠው ሁሉ ይህን ውጤት እንዴት እንደሚያስረዳው ሻጮቹን መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

እንግዲህ ባክቴሪያው ምን ይበላል? የጎጃም ገበሬ ለዚህ ጥያቄ መልሱን ከበሬው ያውቀዋል። በሬ ጭድ በልቶ ሲያርስ ይውላል፤ ጭዱን የሚፈጨው ግን በሬው ራሱ አይደለም። በጨጓራው ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ጭዱን አብላልተው አጫጭር የስብ አሲዶች ያወጣሉ፣ በሬው ከሚጠቀምበት ጉልበት አብዛኛው የሚገኘው ከእነዚሁ አሲዶች ነው። በእኛም ትልቁ አንጀት ውስጥ በትንሹ እንዲሁ ያለ ሥራ ይካሄዳል። እኛ የማንፈጨው፣ ፋይበር የሚባለው የእህል፣ የጥራጥሬና የአትክልት አሰር ሳይነካ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎቹ ያብላሉትና አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የሚባሉ አሲዶችን ይሰጡናል። ቡቲሬት ለትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋና ምግባቸው ነው። ሌሎቹ ወደ ደም ገብተው ወደ ጉበትና ወደ ሌላውም አካል ይሄዳሉ፤ ከዚህም በላይ አሲዶቹ የአንጀትን ሕዋሳት ቀስቅሰው የጥጋብን ወሬ ወደ አንጎል የሚያደርሱ ሆርሞኖች እንዲፈስሱ ያደርጋሉ። ከእነዚህ አንዱ ጂ ኤል ፒ 1 የሚባለው ሲሆን ዛሬ በውድ ዋጋ የሚሸጡት የክብደት መቀነሻ መርፌዎች የዚሁ ሆርሞን አምሳያዎች ናቸው። እርግጥ ነው፣ ሰውነት የሚያፈስሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሲጠፋ የመርፌው ለቀናት ይቆያልና አንድ ሰሐን ንፍሮ የመርፌውን ያህል ይሠራል የሚል ሰው ቢመጣ አልከተለውም።

አንድ ብልህ ተማሪ እዚህ ላይ እጁን ያነሣል። «መምህር፣ ባክቴሪያው ከአሰሩ ተጨማሪ ጉልበት የሚያወጣልን ከሆነ አሰር መብላት ሊያወፍረን አይገባምን?» ጥያቄው ትክክል ነው፤ ከምንጠቀምበት ጉልበት እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ከዚህ መንገድ እንደሚገኝ ይገመታልና። መልሱ ሒሳቡ በአንድ ወገን ብቻ አይዘጋም የሚል ነው። አሰር የሞላበት ምግብ ሆድን ይሞላል፣ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፣ ጥጋብን ያፋጥናል፤ ባክቴሪያው የሚመልስልን ጥቂት ጉልበት ሳንበላው ከቀረው ነጭ ዳቦ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ቀለብ ሲጠፋስ? ድርቆሽ ያለቀበት ከብት በበጋ የጎጆውን ክዳን ሣር መምዘዝ እንደሚጀምር በገጠር ያደገ ሁሉ አይቷል። አሰር የተነፈጉ አይጦች አንጀት ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ ባክቴሪያዎቹ የአንጀትን ግድግዳ የሚሸፍነውንና የሚጠብቀውን ንፍጥ መሰል ልባስ መብላት ጀመሩ። ልባሱ ሲሳሳ የባክቴሪያ ቅርፊት ስብርባሪ ወደ ደም ሾልኮ የሚገባበት መንገድ ይከፈታል። ጮማ በበዛበት መኖ የተቀለቡ አይጦች ደም ውስጥ ይህ ስብርባሪ ከፍ ብሎ መገኘቱን የቤልጂየምና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ገልጸዋል፤ ሰውነትም ስብርባሪውን እንደ ጠላት ቆጥሮ ዝቅተኛ ግን የማያቋርጥ የብግነት (የመቆጣት) ሁኔታ ውስጥ ይገባል፣ ብግነቱም ኢንሱሊን ሥራውን እንዳይሠራ ያውካል። የእኔ ዓይነቱ የስኳር ሕመም ከሚያልፍባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው ተብሎ ይታመናል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል የሚለው የአባቶች አነጋገር ለሌላ ጉዳይ የተነገረ ቢሆንም፣ ሆዳችን የሚያባውን ነገር ደማችን እንደሚያወጣው ላቦራቶሪው እያሳየን ነው።

አሁን ወደ አገራችን ማዕድ ልመለስ፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝም እርሱ ነው። እኅቴ የምትኖረው በስናን ወረዳ፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ ነው። ቅዳሜም ሆነ ሰኞ የምትበላው የገብስ ወይም የእንግዶ እንጀራ፣ የባቄላ ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ገንፎና ቆሎ ነው። (እንግዶ የምንለው ሌላው አገር አጃ የሚለውን ነው፤ የከተማ ሱቅ ውስጥ በቆርቆሮ ታሽጎ በውድ ሲሸጥ አይቼ እኅቴን «ባለጸጋ ነሽ» ብያታለሁ።) ገብስና አጃ ቤታ ግሉካን በሚባል፣ በአንጀት ውስጥ እንደ ሙጫ በሚሆን አሰር የታወቁ እህሎች ናቸው። ወደ ምዕራብ ከመራዊ እስከ ዳንግላ ስንሄድ ደግሞ ግብጦ አለ፤ ተቆልቶ በወንዝ ውሃ ለቀናት ተዘፍዝፎ መራራነቱ ሲወጣ የሚበላው ይህ ጥራጥሬ በፕሮቲንም በአሰርም ከሚበልጡት ወገን ነው። እኔ ግን ከተማ ከገባሁ በኋላ ግብጦን የድኻ ምግብ ነው ብዬ ለእንግዳ ለማቅረብ አፍር ነበር።

የእኔ የጠዋት ቁርስ የፉርኖ ዱቄት ዳቦ ከሦስት ማንኪያ ስኳር ሻይ ጋር ነበር። ከ100 ግራም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት ውስጥ 10 ግራም ያህል አሰር ሲኖር፣ ከነጩ ዱቄት ውስጥ የሚቀረው 3 ግራም ገደማ ነው። የተቀረው ፉርሽካ ይሆንና ለከብት ይሄዳል። ለዓመታት ያላስተዋልሁት ነገር ይህ ነው፦ የጎረቤቴ ላም ለጨጓራዋ ባክቴሪያ የሚሆነውን ቀለብ ከእኔ ስንዴ እየወሰደች በደንብ ስትመግብ እኔ የራሴን አስርብ ነበር። ጤፍ በዚህ ረገድ እድለኛ እህል ነው፤ ፍሬው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ገለባውን ለይቶ ማውጣት ስለማይቻል ሁልጊዜ ከነልባሱ ይፈጫል። ነገር ግን የጎጃም ጤፍ በደጃችን እየበቀለ በከተሞቻችን እንጀራው እንዲነጣና ዋጋው እንዲቀንስ የሩዝ ዱቄት መቀላቀል ተለምዷል፤ የእንጀራ ንጣት የጥራት ሚዛን ሆኖ መቅረቡ የሚያሳዝን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ላንሣ። በጽሑፋችሁ ግርጌ አንድ አንባቢ «እንጀራ የቦካ ስለሆነ ሕያው ባክቴሪያ ይሰጠናል» ሲሉ የሰጡት አስተያየት ወጥቷል። ቡሆው ከእርሾ ጋር ሁለትና ሦስት ቀን ሲቦካ እርግጥ በባክቴሪያ ይሞላል፤ ያ መብላላት ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ነገር ይቀንሳል፣ ጣዕሙንም ይሰጠዋል። ይሁንና የጋለው ምጣድ ሕያዋኑን ይጨርሳቸዋል። ስለዚህ እንጀራን የምናከብረው ባክቴሪያ ስለሚያመጣልን ሳይሆን በአንጀታችን ለሚኖሩት ባክቴሪያዎች ቀለብ ስለሚያደርስ መሆን አለበት፤ ከበሰለ በኋላ ሲቀዘቅዝና ሲያድር ደግሞ የስታርቹ ጥቂት ክፍል ለመፈጨት የሚያስቸግር ሆኖ እንደ አሰር ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። ሕያው የሆነ የቦካ ምግብ የሚፈልግ ሰው ከገዛ ማዕዳችን ስልጆን ያስታውስ። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ይበስልና ከቀዘቀዘ በኋላ ስናፍጭ ተጨምሮበት ለቀናት ይቦካል፤ ከዚያ በኋላ እሳት ስለማያየው ባክቴሪያው በሕይወት እንዳለ ይበላል። እርጎም እንዲሁ ሕያው ነው፤ ሆኖም ካልፈላ ወተት የሚሠራ እርጎ እንደ ብሩሴሎሲስ ያሉ በሽታዎችን ሊያስተላልፍ ስለሚችል ወተቱን አፍልቶ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ በንጹሕ እርጎ ማርጋት ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 36 ጤናማ ሰዎችን በሁለት ከፍለው ለ10 ሳምንት አንዱን ክፍል የቦኩ ምግቦችን፣ ሌላውን አሰር የበዛባቸውን ምግቦች ሲያበሉ፣ የባክቴሪያቸው ዓይነት የጨመረውና የብግነት ምልክታቸው የቀነሰው የቦካ ምግብ የበሉት ሰዎች ነበሩ። አሰር በበሉት ላይ በዚያ አጭር ጊዜ የባክቴሪያው ዓይነት አልበዛም። ይህ ውጤት ለአሰር የምሟገተውን እኔን የሚያስደስት ባይሆንም መደበቅ የለብኝም፤ የተመናመነ ማኅበር ቀለብ ስለቀረበለት ብቻ በሁለት ወር ውስጥ እንደማይሞላ ከዚህ እረዳለሁ።

የገጠሩና የከተማው ማዕድ ልዩነት በአንጀት ውስጥ እንደሚነበብ በአፍሪካ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጣልያን ተመራማሪዎች ሥራ ቡልፖን በምትባል የቡርኪና ፋሶ ገጠር መንደር የሚኖሩ፣ ማሽላ፣ ዘንጋዳና ጥራጥሬ የሚበሉ 14 ሕፃናትን ከ15 የፍሎረንስ ከተማ ሕፃናት ጋር አነጻጸረ፤ የመንደሩ ልጆች አሰር የሚያብላሉ ባክቴሪያዎችና እነዚያ አጫጭር የስብ አሲዶች በብዛት ተገኙባቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ 20 አፍሪካ አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች ለሁለት ሳምንት ማዕድ እንዲለዋወጡ ተደረገ። ከ50 ግራም በላይ አሰር በቀን መብላት የጀመሩት አሜሪካውያን አንጀት ውስጥ ቡቲሬት ከእጥፍ በላይ ሲጨምር፣ በርገርና ድንች ጥብስ የቀረበላቸው አፍሪካውያን ግን በዚያው ሁለት ሳምንት ግማሹን አጡ። ጥናቱ የተደረገው ስለ አንጀት ካንሰር እንጂ ስለ ውፍረት አልነበረም፤ የጠቀስሁት የለውጡን ፍጥነት ለማሳየት ነው። እኔ ለዚያ ለውጥ ከስናን ደብረ ማርቆስ መምጣት ብቻ ነበር ያስፈለገኝ።

ጾማችንም ተለውጧል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታና ሌሎቹ ሲደመሩ ምእመኑ በዓመት ከግማሽ የማያንስ ጊዜ ከሥጋና ከቅቤ ይርቃል። ይህ ማለት በድሮው ማዕድ የዓመቱ ግማሽ የባቄላ፣ የሽንብራ፣ የምስር፣ የተልባ፣ የኑግ፣ የጎመን፣ የአሹቅና የበቆልት ጊዜ ነበር ማለት ነው፤ ለአንጀት ባክቴሪያ ከዚህ የበለጠ የቀለብ ሰሌዳ ማንም አልነደፈም። ዛሬ በከተማችን የጾም ምግብ ሲባል ፓስታ በፓልም ዘይት፣ የድንች ጥብስ፣ ነጭ ዳቦ በማርማላታ፣ የጾም ኬክና ለስላሳ ሆኗል። ሥጋና ቅቤ የለበትምና ጾም ነው፤ አሰርም የለበትም። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የረጋ ስብ ሲሆን የኑግ ዘይት ግን አብዛኛው ያልረጋ ነው፤ አንድ የለስላሳ ጠርሙስ ደግሞ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል። ለቅሶ ቤት እንኳ ንፍሮው እየቀረ ዳቦና ለስላሳ ሲቀርብ አያለሁ፤ ሐዘንተኛው ሊታማ አይገባውም፣ ንፍሮ አቀረበ ተብሎ በስስት እንዳይታማ ፈርቶ ነውና።

ስለ ሐሜት ካነሣሁ ዘንድ፣ በአገራችን ሰው ሲወፍር «አማረብህ፣ ተመቸህ» ይባላል፤ ሲከሳ ደግሞ «ምን ነካህ?» ተብሎ ይታዘንለታል። እኔ 92 ኪሎ ስሆን የተመሰገንሁትን ያህል በመምህርነቴ ተመስግኜ አላውቅም። ረኀብን ደጋግሞ ባየ አገር ይህ አነጋገር ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ አልፈርድበትም። ሩቅ ሳንሄድ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ለእነዚህ ልጆች የሚጎድላቸው አሰር ሳይሆን እንቁላል፣ ወተትና በቂ ቀለብ ነውና ለቦርጫም የከተማ ጡረተኛ የምጽፈው ነገር ለገጠር ሕፃን ምክር ተደርጎ እንዳይወሰድ አደራ እላለሁ። በነገራችን ላይ ይኸው የጎርደን ቡድን ከማላዊ መንትያ ሕፃናት ጋር ባደረገው ሥራ በከባድ የምግብ እጥረት የሚያብጡ ልጆች የአንጀት ባክቴሪያ በሕመሙ ውስጥ ድርሻ እንዳለው አሳይቷል፤ ማኅበሩ በጥጋብም በረኀብም ይታወካል።

ስለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ጽሑፋችሁ አንድም ቃል አላለም። በብዙ አገሮች የከብትና የዶሮ አርቢዎች እንስሳቱን በቶሎ ለማወፈር ሲሉ በመኖ ውስጥ ጥቂት ጥቂት ፀረ ባክቴሪያ ሲጨምሩ መኖራቸው የታወቀ ነው። በሕፃንነት ደጋግሞ እነዚህን መድኃኒቶች መውሰድም በኋላ ከሚመጣ ውፍረት ጋር ተያይዞ ታይቷል፣ ምክንያቱ መድኃኒቱ ይሁን ልጁን ያሳመመው ነገር መለየት ቢያስቸግርም። እኛ ዘንድ ጉንፋን ሲይዘን አሞክሳሲሊን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመደብር ገዝተን መዋጥ እንደ ሻይ የቀለለ ስለሆነ ይህ ነጥብ አንድ ሙሉ ጽሑፍ የሚገባው ነው።

እኔ ምን አደረግሁ? ነጩን ዳቦ በገብስ ቂጣና በበሶ፣ የሻዩን ስኳር በግማሽ ማንኪያ ተካሁ፤ በቀን አንድ ጊዜ ጥራጥሬ በንፍሮ ወይም በአሹቅ መልክ እበላለሁ። 100 ግራም የተቀቀለ ሽንብራ ሰባት ግራም ተኩል ያህል አሰር ሲሰጥ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ነው፤ ሒሳቡ እንግዲህ ከባድ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሆዴ ተነፋ፣ ለባለቤቴም ለእኔም የማያስደስት ጊዜ ነበር፤ ሆዴ ስላልለመደው ቀስ በቀስ መጨመር እንደነበረብኝ ዘግይቼ ተረዳሁ። በዓመቱ 84 ኪሎ ገባሁ፣ ስኳሬም ወርዷል። ይህን ሁሉ ባክቴሪያዎቼ አደረጉት ብዬ ግን አልጽፍም፤ በዚያው ጊዜ በየማለዳው አንድ ሰዓት መራመድ ጀምሬ ነበር፣ መድኃኒቴንም አላቋረጥሁም፤ የምወስደው ሜትፎርሚን ራሱ የአንጀትን ባክቴሪያ እንደሚለውጥ ስለታወቀ የየትኛው ሥራ የየትኛው መሆኑን በአንድ ሰው ሕይወት መለየት አይቻልም። መድኃኒት የሚወስድ አንባቢም ይህን ደብዳቤ አንብቦ ኪኒኑን ቢያቆም በእኔም በእናንተም ላይ ኀጢአት ይሆናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። የ«ዐሥር እጥፍ» እና የ«ሁለት ኪሎ» ቁጥሮች በዚያው በጤና ዓምድ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይታረሙ። ወደ ፊትም የአይጥ ሙከራ ሲዘገብ ሙከራው በአይጥ ላይ መሆኑ ከርእሱ ላይ ይታይ፤ በሰው ላይ የተገኘው ውጤትም አብሮ ይጻፍ። ሦስተኛው ልመናዬ ከእንክብል ይልቅ በየአካባቢው ያሉትን እየተረሱ የመጡ የጥራጥሬና የቦኩ ምግቦች አሠራር በተከታታይ እንድታወጡ ነው። የጎጃሙን እኔ እጀምራለሁ፦ እኅቴ የስልጆዋን አሠራር ልትነግረኝ ቃል ገብታለች፤ ፊደል ስለማታውቅ እርሷ እየተናገረች እኔ እጽፋለሁ። የስናፍጩን መጠን በእፍኝ እንጂ በግራም ስለማትነግረኝ ግን ለሚቀጥለው የረቡዕ ገበያ ቀን ሚዛን ይዤ ልሄድ ነው፤ ለክቼ እንደተመለስሁ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር
ደብረ ማርቆስ